እንጦጦ ሁለት ቦታ ላይ ናት

ሞተረኞች ማኪያቶ ይዘው በተቀመጡበት ሁሉ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። ከከተማ ወጣ ብሎ ለመንዳት የሚሻለው ጂፒኤስ ነው ወይስ የወረቀት ካርታ? ልጅ እግሩ ስልኩን ያወጣል። ጠና ያለው “ባትሪህ ሲያልቅ እንተያያለን” ይላል። ሌላው ደግሞ “አንተም ዝናብ ወረቀትህን ሲያበሰብሰው እናይሃለን” ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወሬው ወደ ጎማ ዋጋ ይዞራል፤ ማንም ማንንም ሳያሳምን ሒሳብ ይከፈላል።

በእኔ እምነት ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱም ወገኖች ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ዕቃው ታሪክ ስለማያወሩ ነው። ካርታ ከሰማይ አልወረደም (ጂፒኤሱ ወርዷል ብትሉ ግን አልከራከርም)። ሁለቱንም አንድ ሰው፣ በአንድ ዘመን፣ ለአንድ የራሱ ጉዳይ ለክቶ ነው የሠራቸው። ያ ጉዳይ ደግሞ አንድም ጊዜ የእናንተ የእሑድ ሽርሽር ሆኖ አያውቅም። ማን ለምን እንደለካ ያወቀ ሞተረኛ፣ የያዘው ካርታ መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደሚጠረጠር ያውቃል።

ለማስረጃ ሩቅ አንሄድም፤ እንጦጦ እንውጣ። እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። በአዲስ አበባ ከዚህች በላይ የታወቀ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እንግዲህ የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ካሳተማቸው 1፡50,000 ካርታዎች ላይ የማርያምን ኬክሮስና ኬንትሮስ አንብቡና ቁጥሩን እንዳለ ስልካችሁ ውስጥ አስገቡት። ስልኩ የሚያሳያችሁ ነጥብ ከቤተ ክርስቲያኗ ከ100 ሜትር በላይ የራቀ ይሆናል። ካርታው አልተሳሳተም። ስልኩም አልተሳሳተም። ሜዳ ላይ ቢሆን ይህ ልዩነት ቁም ነገር አይደለም። ከየካ በላይ ባሉት ሸለቆዎች ጫፍ ላይ ግን 100 ሜትር ማለት በመንገድና በገደል መካከል ያለው ርቀት ነው።

እንዴት ሁለቱም ልክ ይሆናሉ? መልሱ ያለው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ውኃ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የንጉሡ መንግሥትና አሜሪካኖች የዓባይን ተፋሰስ በጋራ ሊያጠኑ ተስማሙ። ጥናቱ በ1964 ተጠናቆ ሪፖርቱ ወጣ። ዛሬ ጉባ ላይ ስለቆመው ግድብ ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካኖች ጥናት ይኸው ነው። ግድብ ለማሰብ ካርታ ያስፈልጋል። ካርታ ለመሳል ደግሞ ቦታዋ በትክክል የታወቀች አንዲት መነሻ ነጥብ ታስፈልጋለች። በቅርብ የተገኘው በእንግሊዞች ዘመን በሱዳን የተዘረጋው የልኬት ሰንሰለት ነበር፤ የሰንሰለቱ መነሻም በግብፅና በሱዳን ወሰን ላይ፣ ከዋዲ ሃልፋ አካባቢ ያለ አዲንዳን የሚባል ቦታ ነው። ቀያሾቹ ከዚያ የመጣውን ልኬት ተቀብለው፣ ከተራራ ተራራ እየተያዩ፣ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ላይ እየቀጠሉ እስከ እኛ ደጋ አመጡት። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የታተሙት የአገራችን ካርታዎች የሚቆጥሩት ከአዲንዳን ነው። እንጦጦ ማርያምም በወረቀት ላይ የተቀመጠችው ከአዲንዳን ተለክታ ነው።

አዲንዳን የኑቢያዎች መንደር ነበረች። ግብፅ ታላቁን የአስዋን ግድብ ስትሠራ ነዋሪዎቿ ተነስተው ወደ ኮም ኦምቦ ተወሰዱ፤ መንደሯንም የናስር ሐይቅ ዋጣት። አሁን ይህን ጨምሩበት። የእንጦጦ ሸንተረር የአዋሽና የዓባይ ተፋሰሶች ድንበር ነው። በደቡብ ፊቱ፣ በየካ በኩል የወረደ ዝናብ በቀበና አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በሰሜን ፊቱ፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው ግን ሙገርን ይዞ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ እንጦጦ አናት ላይ ቆማችሁ ሞተራችሁን ወደ ሰሜን ብታዞሩ፣ ከጎማችሁ ሥር የሚንቆረቆረው ውኃ የካርታችሁን መነሻ መንደር ወዳሰጠመው ሐይቅ የሚጓዝ ነው። ይህን የመሰለ ምፀት ደራሲ ቢፈጥረው “አበዛኸው” ይባል ነበር።

ጂፒኤስ ከመንደር አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ከምድር እምብርት ነው። የወረቀቱ ካርታ የምድርን ቅርጽ የወሰደው ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1880 ካወጣው ስሌት ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚሠራው በ1984 በወጣው ነው። መቶ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ምድሮች ናቸው ማለት ነው፤ እንጦጦም በሁለቱ ላይ ሁለት ቦታ ተቀምጣለች። ለዚህ ችግር መፍትሔው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለሞተርና ለእግር ጉዞ የሚሸጡት የጋርሚን ዓይነት መሣሪያዎች ማስተካከያቸው ውስጥ “የካርታ ዳተም” የሚል ዝርዝር አለ። እዚያ ገብታችሁ አዲንዳንን ስትመርጡ መሣሪያው ከወረቀቱ ጋር ይስማማል። የሰመጠችው መንደር ስም በፊደል ተራ ገና ከዝርዝሩ አናት ላይ ነው።

ወደ ወረቀቱ ጠባይ እንምጣ። እነዚህ ካርታዎች አገሩን በሩብ ዲግሪ እየቆራረጡ ነው የታተሙት፤ አንዱ ሉህ በግምት 27 ኪሎ ሜትር በ27 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። የአዲስ አበባ ዕድል ሆኖ 9 ዲግሪ ሰሜንና 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ የሚገናኙት ቄራ አካባቢ ነው። እናም ከተማችን የአራት ሉሆች ማዕዘን ላይ ወድቃለች። ከጦር ኃይሎች ተነስታችሁ ካራ ለመድረስ ሁለት ሉህ ያስፈልጋችኋል። በመሐል ቦሌ ኤርፖርት ጎራ ካላችሁ ደግሞ ሦስት። ሞተር ላይ ተቀምጦ ሦስት ሉህ በነፋስ ማጠፍ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

ነገር ግን የካና እንጦጦ ያሉበት የሰሜን ምሥራቁ ሉህ ስልክ የማይነግራችሁን አንድ ነገር በቡናማ ቀለም ይነግራችኋል። በየ20 ሜትሩ ከፍታ አንድ መስመር አለ። መስመሮቹ ተራርቀው ሲሄዱ ሜዳ ነው፤ ሲጠጋጉ ዳገት ነው፤ ተደራርበው ቡናማ እድፍ ሲመስሉ፣ ሞተራችሁን አዙራችሁ ሌላ መንገድ ብትፈልጉ ይሻላል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ በጉራራ አድርጎ ወደ ሸንተረሩ የሚወጣውን ጎን ተመልከቱት። ስልኩ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ናት፤ ከመገናኛ እስከ ሾላ ካለው አስፋልት የምትለየው በቀለም ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ዳገቱን መስመር በመስመር ትቆጥሩታላችሁ።

ይህ ለመኪና ላይሆን ይችላል እንጂ ለሞተር ትልቅ ጉዳይ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ካርቡራቶር ያላት 125 ወይም 150 ሲሲ ሞተር አየር ሲያጥራት ነዳጁ ይበዛባታል፣ ጉልበቷ ይወርዳል። ከኋላ ሰው ተፈናጦ፣ ሐምሌ ላይ በራሰ ኮብልስቶን፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን እያቃጠሉ መውጣት ምን ዓይነት ደስታ እንዳለው እንተወው። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል፤ ፍሬን ብቻ ተማምኖ የሚወርድ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬኑ መሽተት ይጀምርበታል። የስልኩ መንገድ መሪ አጭሩን መንገድ ነው የሚፈልገው። እንጦጦ ላይ ደግሞ አጭሩ መንገድ ብዙ ጊዜ እንጨት ለቃሚ እናቶቻችን ጀርባቸውን አጉብጠው የሚወርዱበት ነው። የተሠራው በእግር ነው፤ ለእግር ነው።

ሳተላይቱስ የማን ጉዳይ ነበር? የጦር ሠራዊት። የመጀመሪያዋን የጂፒኤስ ሳተላይት የአሜሪካ መከላከያ ያመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1983 መንገድ የሳተ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን በሶቪየት ጄት ተመትቶ ሲወድቅ፣ ሬጋን ምልክቱ ለሲቪሉም በነጻ እንደሚለቀቅ ቃል ገቡ። ቃሉ ተጠበቀ፤ ግን ለሲቪሉ በሚለቀቀው ምልክት ውስጥ ሆን ተብሎ ስህተት ይጨመርበት ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። የተነሳው በሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ነው። እዚህ አገር ማንም ልብ አላለውም። በዚያን ሰሞን የሁሉም ሰው ጆሮ ጦር ግንባር ነበር፤ ከአሥር ቀን በኋላ የሦስተኛው ዙር ጥቃት ተጀመረ። በዓለም ላይ ግን የሞተር ጉዞ ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ሆነ። በአንድ ሌሊት፣ ምንም ዕቃ ሳይለወጥ፣ መሣሪያው ከ“የትኛው ሰፈር” ወደ “የትኛው መታጠፊያ” ከፍ አለ።

ከዚያ በፊት የነበሩት በምን ነዱ? እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን በ1966 ዓ.ም. በትራያምፍ ሞተሩ ዓለምን ሲዞር፣ ከሱዳን በመተማ ገብቶ በጎንደር አድርጎ አዲስ አበባ መጥቷል። አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው። በጎጃም በኩል የሚመጣው መንገድ የእንጦጦን ሸንተረር ተሻግሮ ነው ከተማ የሚገባው። በዚያ ዘመን አፍሪካን በሞተርና በመኪና ለሚያቋርጥ ሰው ዋናው ወረቀት የሚሽሊን ካርታ ነበር፤ መጠኑ 1፡4,000,000። አንድ ሴንቲ ሜትር 40 ኪሎ ሜትር ነው። በእሱ ላይ አዲስ አበባ በሙሉ፣ ከነየካው ከነእንጦጦው፣ በአውራ ጣት ጥፍር ይሸፈናል። ስለዚህ ካርታው “ጎንደር በዚህ በኩል ነው” ከማለት አይዘልም፤ የቀረውን የሚናገረው መንገድ ዳር የቆመው ሰው ነው። ከ33 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ተዋናዩ ዩአን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን ሲወርዱ እነሱም ኢትዮጵያን አቋርጠዋል፤ ቢኤምደብሊው ሞተሮቻቸው ላይ ጂፒኤስ፣ ከኋላቸው ደግሞ አጃቢ መኪና ነበራቸው። ፊልሙ ጥሩ ነው። ግን መንገድ የመጠየቅ ነገር በሳይመን መጽሐፍ ውስጥ የያዘውን ቦታ እዚያ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ስለ መጠየቅ ካነሳን ስሞችን ማንሳት ግድ ነው። ከኡራኤል ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ ካርታ ላይ “ኃይሌ ገብረ ሥላሴ” ይባላል። ለኃይሌ ያለኝ ክብር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የታክሲ ረዳት “ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና!” እያለ ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? “ሃያ ሁለት” ነው የሚለው፤ በ22 ቁጥር አውቶቡስ ማዞሪያ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ “አስመራ መንገድ” ይሉታል። ይህ የመጨረሻው ስም ብቻውን ካርታ ነው። በመገናኛ፣ በኮተቤ፣ በካራ አድርገህ ሳትታጠፍ ብትሄድ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ እያለ አስመራ ያደርስሃል ማለት ነው። የባዶሊዮ ጦር በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ለመያዝ የገባው በዚሁ የደሴ መንገድ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጣልያኖች ለአሽከርካሪዎቻቸው በካርታ የታጨቀ ወፍራም የጉዞ መጽሐፍ አሳተሙ። በእኛ አገር ለሞተርና ለመኪና ጉዞ ተብሎ በዝርዝር ከተዘጋጁት የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ የወራሪ መጽሐፍ መሆኑ ሲታሰብ፣ ካርታ ያለ ባለጉዳይ እንደማይሠራ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

የስልክ ካርታ ከስም ጋር ያለው ችግር አዲሱን ስም ሲያስገባ አሮጌውን ማጥፋቱ ነው። ሲለውጥ ምልክት አይተውም። ወረቀት ግን ሲያረጅ ይዋሻል እንጂ አይረሳም። በአሮጌው ሉህ ላይ ከየካ ተራራ ሥር እስከ ኮተቤ ድረስ እርሻና ጥቂት ጎጆዎች፣ ወንዞችና ቤተ ክርስቲያኖች ከነስማቸው ተቀምጠዋል። ዛሬ በብዙዎቹ ላይ ፎቅና ኮንዶሚኒየም ቆሟል። መንገድ ፍለጋ ከሆነ ይህ ሉህ ያሳስታችኋል። ግን “እዚህ ምን ነበር?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከእሱ ሌላ የሚጠይቀው የለውም።

በነገራችን ላይ በአዲስ አበባ አማርኛ “ካርታ አለህ?” ብትባሉ የሚጠየቀው ስለ ጉዞ አይደለም። ስለ ቤት ይዞታ ነው። በየካ ዳርቻ ባለ ሠፈር፣ ጨረቃ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው የሳተላይትና የወረቀት ክርክር የማኪያቶ ወሬ አይደለም። ሰማይ ያየዋል፣ ወረቀት አያውቀውም። ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሕጋዊ ለማድረግ በወጡት የከተማዋ መመሪያዎች ውስጥ ወሳኙ ጥያቄ ቤቱ በ1988 ወይም በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታ ላይ ይታያል ወይስ አይታይም የሚለው ነበር። አውሮፕላኑ ባለፈበት ቀን ጣራህ ቆሞ ከሆነ ቆመ፤ ካልሆነም የለህም። “የትኛውን ካርታ እንመን?” የሚለው ጥያቄ እንዲህም ዋጋ አለው።

ወደ መንገዳችን እንመለስና፣ የስልኩ ወገን ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲቋረጥና ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ የሳተላይቱ ምልክት አልተቋረጠም። ከሰማይ በነጻ ይወርዳል፤ ማንም ቴሌ አይዘጋውም። የጠፋው ከሥሩ ያለው ካርታ ነው። ሰማያዊዋ ነጥብ ባዶ ግራጫ ሰሌዳ መሐል ቆማ ነበር፤ የት እንዳለች ታውቃለች፣ ያለችበት ቦታ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ካርታን አስቀድሞ ስልክ ላይ አውርዶ የማይወጣ ሞተረኛ ካለ ልቡ ደፋር ነው። በተለይ ሰዎች ተባብረው የሚሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ፣ ያለ ኢንተርኔት ለመጠቀም ይመቻል። ስሙ የተሳሳተ ሠፈር ካያችሁም ራሳችሁ ታርሙታላችሁ። በዚህ ረገድ ከመንግሥትም ከኩባንያም ካርታ ይልቅ እኔ ለእሱ አደላለሁ።

መንግሥት ራሱ ክርክሩን የፈታበት መንገድ ደግሞ ያስቃል። እንጦጦ ላይ የሕዋ መመልከቻ ጣቢያ አለ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቆጣጠሪያም እዚያው ተተክሏል (ሳተላይቷ መሬት የምትመለከት እንጂ መንገድ የምትመራ አልነበረችም፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ)። በ2014 ዓ.ም. ይህ የሕዋው ወገንና ከሒልተን ፊት ለፊት ካርታ ያትም የነበረው አንጋፋ ቤት ወራሽ አንድ ላይ ተዋሕደው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተባሉ። ወረቀቱና ሳተላይቱ አንድ መሥሪያ ቤት ገቡ፤ እኛ ማኪያቶ ላይ ነን።

ለሚቀጥለው እሑድ እንግዲህ ይህን እላለሁ። በካራ ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን የምትሄዱ ከሆነ ምንም አያስፈልጋችሁም፤ አንድ አስፋልት ነው፣ ወደ 130 ኪሎ ሜትር፣ መሳት ብትፈልጉም አትስቱም። ሸንተረሩን ይዛችሁ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ምሥራቅ፣ ከየካ በላይ የምትሄዱ ከሆነ ግን ማታ ቤት ውስጥ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ዳገቱን አንብቡ፣ መውጫችሁንም መውረጃችሁንም ምረጡ። ጠዋት ላይ ስልኩ “አሁን የት ነኝ?” ለሚለው ብቻ ይበቃል። ጥቅጥቅ ባለ ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ በተለይ ቅጠሉ ሲርስ፣ ነጥቧ ብትዋዥቅ አትደንግጡ፤ ገላጣ ቦታ ስትደርሱ ትረጋጋለች። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ የአካባቢውን መንገድ ስለለዋወጠው፣ እዚያ ላይ አሮጌውን ሉህ አትስሙት። ዋሻ ሚካኤልን ፈልጋችሁ ወደ የካ ተራራ ከወጣችሁም ነጥቡን ስልኩ ያሳያችኋል፤ የትኛው አቀበት ለሞተር እንደሚሆን ግን ከሥር ያሉትን የሠፈሩን አባቶች ጠይቁ። እናም ከሁሉ አስቀድሞ፣ የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ጥሎ እንደነበር አስታውሳችሁ፣ ሞተራችሁ የያዘው ሰሌዳ የት የት እንደሚያስኬድ አጣሩ። ይህን ሉሁም ሳተላይቱም አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ መገናኛ ላይ የቆመው ትራፊክ ነው።